በሥዕሉ ላይ አንድ መስመር ሆኖ ስለሚቀረው ውሃ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የእንፋሎት ኃይል ማመንጫ እንዴት እንደሚሠራ ለአንባቢ በሚያስረዱ ጽሑፎች ላይ ቦይለሩ በሰፊው ይሣላል፣ ተርባይኑና ጄነሬተሩም ተገቢ ቦታ ያገኛሉ። ከዚያ በኋላ «እንፋሎቱ ቀዝቅዞ ውሃ ይሆንና ወደ ቦይለሩ ይመለሳል» ተብሎ ይታለፋል፤ ሥዕሉም ላይ ከኮንደንሰር (እንፋሎቱ ቀዝቅዞ ውሃ ከሚሆንበት ዕቃ) ወደ ቦይለር አንዲት ቀስት ትሠመራለች። ይህን የምንጽፈው ስለዚያች ቀስት ነው። በቦይለርና በተርባይን ላይ የሚታዩ ብዙ ብልሽቶች መነሻቸው እዚያ ነው፤ ምልክቱ የሚታይበትና ጥፋቱ የሚጀምርበት ቦታ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ይራራቃሉ።

መጀመሪያ ብዙ ሰው ለሚያነሣው ጥያቄ መልስ እንስጥ። እንፋሎቱ ከተርባይን ሲወጣ ገና ብዙ ሙቀት ይዟል፤ ታዲያ ለምን አቀዝቅዘን ሙቀቱን እንጥላለን? እንዳለ ወደ ቦይለሩ ለምን አንመልሰውም? መልሱ እንፋሎቱ የሚይዘው ቦታ ላይ ነው። በ5 ኪሎፓስካል ግፊት ላይ ያለ አንድ ኪሎግራም እንፋሎት 28 ሜትር ኩብ ያህል ቦታ ይይዛል፤ ያው አንድ ኪሎ ውሃ ሲሆን ግን አንድ ሊትር ብቻ ነው። እንፋሎቱን ወደ ቦይለር ግፊት መልሶ ለመጭመቅ የሚያስፈልገው ሥራ ተርባይኑ የሰጠውን ይበላዋል። ውሃን ለመግፋት ግን የሚጠፋው ኃይል ጥቂት ነው። 200 ሜጋዋት በሚያመነጭ ዩኒት በሰዓት ወደ 600 ቶን ውሃ ወደ 200 ባር ለማድረስ ፓምፑ 4.5 ሜጋዋት ገደማ ይወስዳል፤ ከምርቱ ሁለት በመቶ ትንሽ አለፍ የሚል ነው።

ከቦይለር የወጣው እንፋሎት ሁሉ ኮንደንሰር አይደርስም። ሩብ ያህሉ ወይም ከዚያ የሚበልጠው በመንገድ ላይ ከተርባይኑ እየተቀዳ ውሃውን ለማሞቅ ይውላል፤ እነዚህን ማሞቂያዎች ኋላ እንመጣባቸዋለን። የቀረው ኮንደንሰር ውስጥ የማቀዝቀዣ ውሃ በሚሄድባቸው በሺዎች በሚቆጠሩ ቱቦዎች ላይ ወደ ውሃ እየተለወጠ ይወርድና ሆትዌል በሚባለው ታችኛው ገንዳ ይጠራቀማል፤ ይህ ውሃ ኮንደንሴት ይባላል። ገንዳው የሚይዘው ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ የሚበቃ ውሃ ብቻ ስለሆነ ኦፕሬተሩ ከፍታውን ችላ ሊል አይችልም። ሲያንስ ፓምፑ አየር ይስባል፤ ሲበዛ ውሃው የታችኞቹን ቱቦዎች ይሸፍንና ኮንደንሰሩ የማቀዝቀዝ አቅሙን ያጣል።

ኮንደንሰሩ ከከባቢ አየር በታች ባለ ግፊት ስለሚሠራ የቫኩም መውደቅ፣ ማለትም የውስጡ ግፊት ከፍ ማለት፣ የዘወትር ራስ ምታት ነው። ቫኩም ሲወርድ ብዙዎች የሚሮጡት አየር አውጪውን ሁለተኛ ኢጀክተር ወይም የቫኩም ፓምፕ ወደ ማስነሣት ነው። ከዚያ በፊት ሦስት የሙቀት ንባቦችን ማየት ይጠቅማል። ምሳሌ እንውሰድ። ግፊቱ 7 ኪሎፓስካል ነው፤ በዚህ ግፊት ውሃ የሚፈላው በ39 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። የማቀዝቀዣው ውሃ በ25 ገብቶ በ34 ይወጣል፤ ልዩነቱ 9 ነው። በ39 እና በ34 መካከል ያለው 5 ዲግሪ ቱቦዎቹ ሙቀት እንዴት እንደሚያስተላልፉ ይነግረናል። አሁን በዚያው ጭነት ግፊቱ ወደ 8.6 ኪሎፓስካል ወጣ እንበል፤ መፍያው 43 ሆነ ማለት ነው። የማቀዝቀዣው ውሃ አሁንም በ25 ገብቶ በ34 ከወጣ የውሃው መጠን አልቀነሰም፤ ያደገው ያ 5 ዲግሪ ነው፣ 9 ሆኗል። ስለዚህ ወይ ቱቦዎቹ ውስጣቸው ቆሽሿል ወይም በውጫቸው አየር ከቧቸዋል። ሁለቱን ለመለየት በኮንደንሴት ፓምፑ መውጫ ላይ ውሃው ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ተመልከቱ፤ ኦክስጅኑ አብሮ ከጨመረና የአየር አውጪው ፍሰት መለኪያ ከፍ ካለ ጥፋቱ አየር ነው፣ ካልሆነ ብሩሽ አዘጋጁ። የመግቢያና የመውጫው ልዩነት ከ9 ወደ 12 ቢያድግ ኖሮ ግን ቱቦውን ትተን ወደ ማቀዝቀዣ ውሃ ፓምፑ፣ ወደ ወንፊቱና ወደ ቫልቮቹ እንሄድ ነበር።

አየሩ ከየት ይገባል? ከዝቅተኛ ግፊት ተርባይኑ ዘንግ ማሸጊያ፣ ተርባይኑን ከኮንደንሰሩ ከሚያያይዘው ተለጣጭ መገጣጠሚያ፣ ከሆትዌሉ የከፍታ መስታወት ፍላንጆች፣ በቫኩም ሥር ካሉ ቫልቮች ዘንግ። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ግን የቆመው ኮንደንሴት ፓምፕ ነው። ቆሞም ቢሆን መምጠጫው በቫኩም ሥር ነው፤ ስለዚህ «አይሠራም» ተብሎ የማሸጊያ ውሃው ከተዘጋበት አየር በዘንጉ በኩል ወደ ኮንደንሰር ይገባል። የተጠባባቂ ፓምፕ ማሸጊያ ውሃ ሁልጊዜ ክፍት መሆን አለበት። ከፓምፑ ራስ ወደ ኮንደንሰሩ የሚመለሰው የአየር ማስወጫ ቧንቧም እንዲሁ ነው፤ እሱ ከተዘጋ ፓምፑ ውስጥ አየር ይታጎርና ዋናው ፓምፕ ቆሞ ተጠባባቂው በራሱ ሲነሣ ሞተሩ ይዞራል፣ ግፊት ግን አይሰጥም። የሞተሩ አምፔር ከወትሮው በግልጽ ካነሰ ምክንያቱ ይህ ነው።

እነዚህ ፓምፖች ቁመው ከወለል በታች በተቀበረ በርሜል ውስጥ የሚተከሉት ለጌጥ አይደለም። ውሃው የሚመጣው ሊፈላ አፋፍ ላይ ሆኖ ነው፤ የመጀመሪያው ኢምፔለር (ውሃውን የሚገፋው ተሽከርካሪ ክፍል) ከሆትዌሉ በብዙ ሜትር ዝቅ ካላለ መምጠጫው ላይ ውሃው ይፈላል፣ ካቪቴሽን (የእንፋሎት አረፋዎች ተፈጥረው ብረቱ ላይ መፈንዳት) ይፈጠራል፣ ብረቱም ቶሎ ይበላል።

የማቀዝቀዣ ውሃ ቱቦ ሲቀደድስ? ቫኩሙ ምንም ላይነካ ይችላል፤ ቦይለሩ ግን ይመረዛል። ኮንደንሴቱ የሚጠበቀው ውሃው ኤሌክትሪክ በማስተላለፍ አቅሙ የገባበትን ጨው በሚያሳየው የካታየን ኮንዳክቲቪቲ መለኪያ ሲሆን ጤነኛ ንባቡ ከ0.2 ማይክሮሲመንስ በሴንቲሜትር በታች ነው። ሶዲየም መለኪያ ካለ ይቀድመዋል። በባሕር ውሃ በሚቀዘቅዝ ማመንጫ ንባቡ በድንገት ከዘለለ «መለኪያው ተበላሽቷል» እያሉ ሁለተኛ ናሙና መጠበቅ አደገኛ ነው፤ ክሎራይድ ቦይለር ውስጥ ገብቶ ከዝቃጩ ሥር መከማቸት ሲጀምር የቱቦ ግድግዳዎችን ከውስጥ ይበላል። ጭነት ቀንሶ የኮንደንሰሩን አንድ ጎን ለይቶ ማፍሰስ፣ ከዚያም የቱቦዎቹን አፍ በስስ ፕላስቲክ ወይም በአረፋ መሸፈን የቆየ ዘዴ ነው። በሌላኛው በኩል ቫኩም ስላለ የተቀደደው ቱቦ አረፋውን ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ እሱንም በሁለቱም ጫፍ መድፈን ነው። እስከዚያው ጊዜ ለመግዛት ደቃቅ የእንጨት ብናኝ በማቀዝቀዣው ውሃ ላይ የሚጨምሩ አሉ፤ ብናኙ እየተሳበ ቀዳዳውን ይደፍናል። የሚያስቅ ቢመስልም ይሠራል። መፍትሔ ግን አይደለም።

ኮንደንሴቱ ዝቅተኛ ግፊት ማሞቂያዎቹን አልፎ ዲአሬተር ይደርሳል። ከዲአሬተሩ ወዲህ ያለው ውሃ ፊድ ውሃ ይባላል። የዲአሬተሩ ሥራ በመርህ ደረጃ ቀላል ነው፦ ውሃ ወደ መፍያው በተጠጋ ቁጥር ጋዝ የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል፤ መፍያው ላይ ሲደርስ ኦክስጅኑ ይለቃል። በደንብ የሚሠራ ዲአሬተር ኦክስጅኑን ከ7 ማይክሮግራም በሊትር በታች ያወርዳል። የተለቀቀው ጋዝ ግን መውጫ ይፈልጋል። ከጣሪያው ላይ የሚታየውን ቀጭን የእንፋሎት ጭስ «ብክነት ነው» ብሎ ቫልቩን የሚዘጋ ሰው አይጠፋም፤ የተቆጠበው እንፋሎት ኦክስጅን ከሚበላው የኢኮኖማይዘር (ወደ ቦይለር የሚገባውን ውሃ በጭስ ሙቀት የሚያሞቀው ክፍል) ቱቦ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ዲአሬተሩ ጤነኛ መሆኑን ለማወቅ ላቦራቶሪ መጠበቅም አያስፈልግም። ግፊቱ 6 ባር ፍጹም ከሆነ ታንኩ ውስጥ ያለው ውሃ ወደ 159 ዲግሪ መሆን አለበት። 150 ቢያነብብና ቴርሞሜትሩ ትክክል ከሆነ ውሃው ከእንፋሎቱ ጋር በደንብ አልተገናኘም፤ የመርጫ አፍንጫዎቹ ተሰብረዋል ወይም ትሪዎቹ ከቦታቸው ተነሥተዋል።

ዲአሬተሩ ከፊድ ፓምፑ ሃያና ሠላሳ ሜትር ከፍ ብሎ የሚሰቀልበት ምክንያት በቁጥር ሲታይ ግልጽ ይሆናል። ከፍታው 25 ሜትር ቢሆን የውሃው ዓምድ 2.2 ባር ያህል ይሰጣል፤ ከ6 ባር ጋር ፓምፑ መምጠጫ ላይ 8.2 ባር አለ። የ159 ዲግሪ ውሃ የሚፈላው በ6 ባር ስለሆነ ትርፍ አለን። አሁን ተርባይኑ በድንገት ጭነት ጣለ እንበል። ዲአሬተሩን የሚያሞቀው የተቀዳ እንፋሎት ይቋረጣል፤ ቀዝቃዛው ኮንደንሴት ግን መምጣቱን አላቆመም፣ ያለውን እንፋሎት ወደ ውሃ እየለወጠ ግፊቱን ወደ 3 ባር ያወርደዋል። መምጠጫው ላይ 5.2 ባር ቀረ። በቁልቁል ቧንቧው ውስጥ የነበረው ውሃ ግን አሁንም 159 ዲግሪ ነው፣ መፍያውም 6 ባር ነው፤ ስለዚህ ይፈላል። ፓምፑ ይጮኻል፣ ግፊቱ ይዋዥቃል፣ የውስጥ ቀለበቶቹ ያለ ውሃ ይፋተጋሉ፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላም ዘንጉ ተጣብቆ ይቆማል። መከላከያው ከሌላ ምንጭ የሚመጣውን ደጋፊ እንፋሎት ቫልቭ ወዲያው ከፍቶ ግፊቱ ቀስ ብሎ እንዲወርድ ማድረግና የኮንደንሴቱን ፍሰት ማጥበብ ነው። ይህ ቫልቭ ለወራት ሳይሠራ ስለሚቆም በሚያስፈልግበት ቀን ተጣብቆ ይገኛል። በየጊዜው እንዲንቀሳቀስ ማድረግ የፈረቃ ሥራ ውስጥ መግባት አለበት።

ፊድ ፓምፑ ላይ ሁለት ነገር ብቻ እንበል። አንደኛ፣ ቀዝቃዛ ፓምፕ በሙቅ ውሃ አይነሣም። ማሞቂያ መስመሩ ተከፍቶ የፓምፑ አካል የላይኛውና የታችኛው ሙቀት አምራቹ ባስቀመጠው ገደብ ውስጥ እስኪቀራረብ ይጠበቃል። ሙቁ ውሃ ወደ ላይ፣ ቀዝቃዛው ወደ ታች ሲተኛ ዘንጉ ይጎብጣል፤ ውስጥ ያለው ክፍተት ደግሞ ከሚሊሜትር በታች ስለሆነ ጉብጠቱን አይሸከምም። ሁለተኛው ዝቅተኛ ፍሰት መመለሻ ቫልቭ ነው። ፓምፑ መውጫው ተዘግቶ ቢዞር ያ ሁሉ ሜጋዋት ውስጡ ያለችውን ውሃ ብቻ ያሞቃል፣ ወዲያውም ያፈላታል። ስለዚህ ፍሰቱ ከመደበኛው ከ25 እስከ 30 በመቶ በታች ሲወርድ ቫልቩ ተከፍቶ ውሃውን ወደ ዲአሬተር ይመልሳል። ችግሩ ከ200 ባር ወደ 6 ባር የሚወርድ ውሃ ብረት መቁረጡ ነው። የቫልቩ መቀመጫ ሲበላ «ዝግ» እያለ ያሳልፋል፤ ፓምፑ በሙሉ ፍጥነት እየዞረ ድራሙ (ውሃና እንፋሎት የሚለዩበት የቦይለሩ በርሜል) ውሃ ያንሰዋል፣ ሰውም ፓምፑ ደክሟል ብሎ ሊፈታው ይነሣል። ከመፍታት በፊት ከቫልቩ በኋላ ያለውን ቧንቧ አዳምጡ፤ ቫልቩ ዝግ እያለ የፍሰት ድምፅ ካለ ጥፋተኛው እሱ ነው።

ከፍተኛ ግፊት ማሞቂያዎቹ ከፓምፑ በኋላ ይመጣሉ። በቱቦው ውስጥ የ200 ባር ውሃ፣ ከውጭ ከተርባይን የተቀዳ የጥቂት አሥርት ባር እንፋሎት አለ። አንድ ቱቦ ሲቀደድ የሚወጣው ውሃ ጎረቤቱን እንደ መጋዝ ስለሚቆርጠው በአንድ የተጀመረው ቶሎ ይባዛል። መቆጣጠሪያ ሰሌዳው ላይ የሚታየው እንዲህ ነው፦ የማሞቂያው ማፍሰሻ ቫልቭ ከወትሮው በላይ ይከፈታል፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ይከፈታል፣ የውሃው ከፍታ ግን መውጣቱን አያቆምም፤ የፊድ ውሃው ፍሰት ከእንፋሎቱ ፍሰት ይበልጣል፤ ከማሞቂያው የሚወጣው ውሃ ሙቀት ይወርዳል። ከፍታው ከቀጠለ ውሃው በእንፋሎት መቅጃው ቧንቧ ወደ ኋላ ተመልሶ ተርባይን ውስጥ ይገባል፤ ትኩስ ሮተር ላይ ውሃ መድረስ ማለት የጎበጠ ዘንግና የተሰበሩ ምላጮች ማለት ነው። ስለዚህ በጣም ከፍተኛ ደረጃ ላይ የመቅጃው ቫልቭና የማይመለስ ቫልቩ መዘጋት፣ የአደጋ ማፍሰሻው መከፈት፣ ውሃውም በማለፊያው መስመር መሄድ አለበት። «የውሸት አላርም ነው» ተብሎ ይህ መከላከያ በሽቦ የታለፈበት ማሞቂያ ባለበት ጣቢያ ተርባይኑ ያለ ጠባቂ ነው የሚዞረው። ማሞቂያው ሲለይ ወደ ቦይለር የሚገባው ውሃ ቀዝቃዛ ይሆናል፣ ነዳጅም ይጨምራል፤ አምራቹ በዚያ ሁኔታ የፈቀደው የጭነት ገደብም መከበር አለበት፣ ያልተቀዳው እንፋሎት በቀሪዎቹ ምላጮች ላይ ስለሚጨመር።

የድራም ከፍታ ቁጥጥርን በአጭሩ ብቻ እንነካለን። ጭነት በድንገት ሲጨምር የድራሙ ግፊት ይወርዳል፣ በውሃው ውስጥ ያሉት አረፋዎች ያብጣሉ፣ ከፍታው ይወጣል። ውሃው ግን እየቀነሰ ነው። ከፍታን ብቻ የሚያይ ቁጥጥር በዚህ ሰዓት ቫልቩን ይዘጋል፣ ማለትም ትክክለኛውን ተቃራኒ ያደርጋል። ለዚህ ነው የእንፋሎት ፍሰትና የፊድ ውሃ ፍሰት አብረው የሚነበቡት።

ሰው የሚሞትበት ቦታ ላይ ደረስን። ብዙ ሰው የሚፈራው የ200 ባሩን ቧንቧ ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 9 ቀን 2004 በጃፓን ሚሃማ ማመንጫ ሦስተኛ ዩኒት የፈነዳው ግን 9 ባር ገደማ ግፊት ያለው፣ 140 ዲግሪ ውሃ የሚሸከም የኮንደንሴት ቧንቧ ነበር፤ በዝቅተኛ ግፊት ማሞቂያና በዲአሬተር መካከል። አምስት ሠራተኞች ሞቱ። የቧንቧው ዲያሜትር 560 ሚሊሜትር፣ ሲተከል የግድግዳው ውፍረት 10 ሚሊሜትር ነበር፤ በተቀደደበት አካባቢ ከ1.5 ሚሊሜትር በታች ቀርቶ ተገኘ። ያ ቦታ በፍተሻ ዝርዝሩ ውስጥ ስላልነበረ ዩኒቱ ሥራ ከጀመረበት ከ1976 ወዲህ አንድ ጊዜ እንኳ አልተለካም። በአሜሪካ ቨርጂኒያ በሰሪ ማመንጫም እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 9 ቀን 1986 ወደ ፊድ ፓምፕ የሚሄድ 46 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ክርን ተቀዶ አራት ሰዎች ሞተዋል። ሁለቱም የኑክሌር ጣቢያዎች ናቸው፣ የፈነዳው ግን በከሰልም በጋዝም ጣቢያ ያለው ዓይነት ተራ የካርቦን ብረት ቧንቧ ነው።

ምክንያቱ ተራ ዝገት አይደለም። በካርቦን ብረት ውስጠኛ ገጽ ላይ ማግኔታይት የሚባል ጥቁር መከላከያ ሽፋን ይፈጠራል። ኦክስጅን በጣም ያነሰበት ውሃ በፍጥነት ሲያልፍ ይህን ሽፋን እያሟሟ ይወስደዋል፤ ብረቱ አዲስ ሽፋን ይሠራል፣ እሱም ይወሰዳል። 150 ዲግሪ አካባቢ ይህ ይበረታል። ክርን፣ የቲ መገጣጠሚያ፣ ከመቆጣጠሪያ ቫልቭና ከፍሰት መለኪያ ኦሪፊስ (መሃሉ የተበሳ ሳህን) በኋላ ያለ ቀጥታ ቧንቧ ዋና ቦታዎቹ ናቸው፤ የሚሃማውም ከኦሪፊስ ቀጥሎ ነበር። እዚህ ላይ የቆየ ልማድ መታረም አለበት። ኦክስጅን ጠላት ነው ተብሎ ሃይድራዚን (ኦክስጅን የሚያጠፋ ኬሚካል) እየጨመሩ እስከ ዜሮ ማውረድ፣ ሁሉም መሣሪያ ብረት በሆነበት ሲስተም፣ ይህን መሟሟት ያባብሰዋል። ስለዚህ እንዲህ ባሉ ጣቢያዎች ሃይድራዚኑ ቀርቶ ፒኤች (የውሃው የአሲድነት መለኪያ) በአሞኒያ ከ9.2 እስከ 9.6 ይጠበቃል። ማሞቂያዎቹ ወይም ኮንደንሰሩ የመዳብ ቅይጥ ከሆኑ ግን አሞኒያና ኦክስጅን አብረው መዳቡን ስለሚበሉ ፒኤቹ ወደ 9 ዝቅ ይላል፣ ሃይድራዚኑም ይቀጥላል። የአንዱን ጣቢያ የኬሚካል መመሪያ ገልብጦ ሌላው ላይ መተግበር የሚያስከፍለው ለዚህ ነው።

መለካቱ ከባድ አይደለም። መከለያው ተነሥቶ በቧንቧው ላይ መረብ ይሠመራል፣ በየመገናኛው ነጥብ በአልትራሳውንድ ውፍረት ይወሰዳል፣ ነጥቦቹም በሚቀጥለው ጊዜ እዚያው እንዲገኙ በማይጠፋ ምልክት ይያዛሉ። አንድ ነጥብ ከአምስት ዓመት በፊት 9.0 ሚሊሜትር፣ ዛሬ 7.5 ከሆነ በዓመት 0.3 ይበላል። ለግፊቱ የሚያስፈልገው ዝቅተኛ ውፍረት 4.5 ቢሆን የቀረው 3.0 ሚሊሜትር ለአሥር ዓመት ይበቃል በስሌቱ፤ እኛ ግን አሥሩን አንጠብቅም፣ ቢበዛ በግማሹ ጊዜ እንደገና እንለካለን። የሚተካው ክርን 1.25 በመቶ ክሮሚየም ካለው ብረት ቢሆን መበላቱ በእጅጉ ይቀንሳል። ያ ሲደረግ ግን ከክርኑ ቀጥሎ ያለው አሮጌ የካርቦን ብረት ቁራጭ መበላት ስለሚጀምር እሱም በዝርዝሩ ውስጥ ይግባ።

ጋዜጣችሁ ስለ አንድ ማመንጫ መቆም ሲዘግብ «የቦይለር ቱቦ ፈነዳ» ከሚለው መልስ በኋላ ሁለት ጥያቄ ቢጨምር ደስ ይለናል፦ ባለፉት ወራት የኮንደንሴቱ ካታየን ኮንዳክቲቪቲ ስንት ነበር? ከኦሪፊስና ከመቆጣጠሪያ ቫልቮች በኋላ ያሉት ቧንቧዎች ውፍረት መቼ ተለካ?

ከሰላምታ ጋር፣
በእንፋሎት ኃይል ማመንጫ ኦፕሬሽንና ጥገና ላይ የምንሠራ ባለሙያዎች